የነነዌ ሰኞ ኬክ

ቂመኛ ነኝ። እናቴ ይህ ጠባይ ከአባትሽ ወገን የመጣ ነው ትላለች፤ የአባቴ ወገኖች ደግሞ ከእናትሽ ነው ይላሉ። ከማንም ይምጣ፣ አለኝ።

ልደታ አንድ ፎቅ ላይ በተከፈተ ማሠልጠኛ የኬክ ዲዛይን እማር ነበር። የማጠናቀቂያ ሥራችን ጭብጥ ያለው ኬክ ነው። መጀመሪያ ስዕሉን አሳይቶ ማስጸደቅ፣ ከዚያ ጋግሮና አስጊጦ ለዳኞች ማቅረብ። የኔ ጭብጥ ሳልጀምረውም የታወቀ ነበር፤ ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታችን። ቤቱ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ እናቴ ሳታነሳው የዋለችበት ቀን የለም። በወጉ የተነሳ ፎቶ እንኳ አልነበረንም፤ ያለው ሁሉ የሠርግና የክርስትና ነው፣ ሰው ተደርድሮ ቤቱን ጋርዶታል። ስለዚህ አንድ ጊዜ እንኳ ቆሞ ትየው ብዬ ልሠራላት ፈለግሁ። ድንገት ላሳያት ስለነበር አልነገርኳትም።

አንዲት ጓደኛ ነበረችኝ፤ አብራኝ የምትማር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ትመጣለች። እናቴ እንደ ልጇ ነበር የምታያት፤ እኔ ወጥ ቤት ስንጎዳጎድ እነሱ ሳሎን ተቀምጠው ወሬያቸውን ይሰልቃሉ። ስዕሉን ያሳየኋት እኔው ነኝ። ድንጋይ የተጫነበት ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በዘይት ጣሳ የተጣፈ በር፣ ወደ ጎረቤት ያዘመመ ግድግዳ። «ወይኔ ሲያምር!» አለችና በስልኳ አነሳችው። ጓደኛ ፎቶ ሲያነሳ ማን ይጠረጥራል?

ስዕል የምናቀርብ ዕለት ከእኔ ቀድማ ተጠራች። ስክሪኑ ላይ የወጣው የኔ ቤት ነበር። ጣሪያው፣ ድንጋዩ፣ በሩ፣ ሁሉም። «ያደግሁበት ሰፈር ነው» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። እኔ እንደማውቃት ከአፓርታማ ወጥታ አታውቅም። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መምህሩን ይዤ ጮህኩ።

«ማስረጃ አለሽ?» አለኝ። ፍርድ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ልደታ ውስጥ ሁሉም ሰው እንደ ጠበቃ ይናገራል። ስዕሌን ዘረጋሁለት። አየት አደረገና፣ «ጓደኛሞች ናችሁ፣ ሐሳብ ይመሳሰላል። እሷ ቀድማለች፤ አንቺ ሌላ ፈልጊ» አለኝ። እሷ አጠገባችን ቆማ ጥፍሯን ታያለች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሌላ ጭብጥ ፈለግሁ፤ የፍትሕ ሚዛን፣ አንዱ ሳህን ዘንበል ያለ። መምህሩ «ሰፈሩን ይገልጻል» ብሎ አደነቀልኝ። ለማን እንደሠራሁት እሷ ሳይገባት አልቀረም።

የማቅረቢያው ቀን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ተባለ። በዚያው ሰሞን እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ፣ «ሰኞ ነነዌ ይገባል፣ እንዳትረሺ» አለችኝ። ነነዌ እንደ ዓቢይ ጾም ከሩቅ አይታይም። ሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ቀኑም በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ስንቱ ነው ቁርሱን በእንቁላል ከበላ በኋላ «ውይ!» የሚል። መምህሩ ቀኑን ሲቆርጥ አላሰበውም። እሷም አላሰበችውም። እኔ አሰብኩት። ዳኞቹ መምህሩ፣ የማሠልጠኛው ኃላፊና በእንግድነት የተጠሩት አንድ አዛውንት የኬክ ቤት ባለቤት ነበሩ፤ ሦስቱም ጾመኞች። ግማሹ ነጥብ ደግሞ የጣዕም ነው።

ቅዳሜ ምንም ሳታፍር ደወለችልኝ። «ስሚ የኔ ቆንጆ፣ ክሬሙን በምን ልምታው? ጣሪያው እንዳይንሸራተትብኝ ፈራሁ።»

«በገበታ ቅቤ ምቺው» አልኳት። «ቅርጽ ይይዛል። እንቁላሉንም አትሰስቺ።»

«አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር!»

ስልኩን ዘግቼ ዱቄቴን ነፋሁ። በዘይትና በብርቱካን ጭማቂ የተለወሰ፣ ወተትም እንቁላልም ያልነካው የጾም ኬክ ጋገርኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔስ ቂሜን ይዤ ነበር፤ እሷን ግን ስትሰርቅ አንዴም አላሳላትም።

ሰኞ ዳኞቹ ዘጠኝ ሰዓት አሳልፈው ገቡ። ኬኳ ያምር ነበር፤ ይህን ባልል ውሸታም እሆናለሁ። ቆርቆሮውን ግራጫ ቀብታ ዝገቱን በካካዎ አውጥታዋለች። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ዞሩትና፣ «ግሩም እጅ ነው። የጾም ነው አይደል ልጄ?» አሏት።

«የምን ጾም?» አለች።

ኃላፊዋ ያነሳችውን ቢላ መልሳ አስቀመጠች። «ነነዌ ነው እኮ ዛሬ!» መምህሩ ግንባሩን ያዘ። እሷ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች፤ ፍለጋ እንዳታበዛ ብዬ ቀና አልኩላት። ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የኔን ሚዛን ቆረሱ፣ አጣጣሙ፣ ደገሙ። አንደኛ ወጣሁ። የእሷ ጣዕም ባዶ ተባለ።

ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። «አውቀሽ ነው አይደል?»

«ማስረጃ አለሽ?» አልኳት።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አዛውንቱ ግን ኬኩ ሊጣል ሲል አልፈቀዱም። «ይህን የመሰለ ሥራ መጣል ነውር ነው» ብለው አስጭነው ወሰዱና የኬክ ቤታቸው መስኮት ላይ አስቀመጡት፤ ከስሩም ስሟን በካርድ ጽፈው። የኔ ሚዛን ተበልቶ አለቀ፣ ትሪው ታጠበ። የእሷ፣ በቅቤ የተመታው፣ ንቅንቅ ሳይል ቆመ። ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ጾሙ ተፈቶ በሳምንቱ ከእናቴ ጋር ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በኬክ ቤቱ በር አለፍን። በሌላኛው ወገን ልወስዳት ብሞክርም ታክሲ የሚጠብቀው ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር። እናቴ ቆመች።

«ቤቴ!» አለች።

መስተዋቱን በሁለት እጇ ያዘችው። «ድንጋዮቹን እያቸው። በሩን እይው። ውይ፣ ጤና አዳሜ!» ደጃፉ ላይ በጣሳ የተተከለች አንዲት አረንጓዴ ነገር ነበረች። የኔ ስዕል ላይ አልነበረችም። ጨርሶ ረስቻት ነበር። እናቴ ካርዱን አነበበች። «ያቺ ልጅ ናት! የነገርኳትን አንድም አላስቀረችም፤ ለካ ስታዳምጠኝ ነበር» አለችና አለቀሰች።

ሌባ ናት ልላት አፌን ከፈትኩ። ስዕሉ የኔ ነው፣ ላንቺ ያሰብኩት እኔ ነኝ፣ አንደኛ የወጣሁትም እኔ ነኝ። ፊቷን ሳየው ግን ቃሉ አልወጣልኝም፤ ያን ቤት ሁለተኛ የማፈርስባት መሰለኝ። በዚያችው ደቂቃ ልጅቷን ከበፊቱ የበለጠ ጠላኋት።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና እጆቿን ዘረጋች። «የሠራችውን እጅ እግዚአብሔር ይባርከው። ቤቴን እንዳሳየችኝ ቤቷን ይሙላላት» አለች። ከዚያ ዞራ አየችኝ።

«አሜን አትዪም እንዴ?»

አላልኩም።