አባቴ ያፈረበት ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት ሆዴን ክፉኛ ቆረጠኝና ምራቴ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ልጄ ሊሆን የሚችል ዶክተር ሆዴን ጫን ጫን እያደረገ፣ «ፈስ ይወጣዎታል?» አለኝ። ምራቴ አንገቷን ደፋች። እኔም አፌ ላይ የመጣልኝ «ደህና ነው» የሚለው መልስ ነበር። ይህን መልስ ከአባቴ አፍ ሰምቼው አውቃለሁ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ገና ያላገባሁ ጎረምሳ ነኝ፤ ከአባቴ ከጋሽ ሸምሱ ጋር እህል በረንዳ ጤፍ እንሸጣለን። ታኅሣሥ ነበር፤ አዲሱ ጤፍ ከመኪና ሲራገፍ አቧራው ጉሮሮ ይከረክራል። አባቴ ሰባን ያለፈ፣ ጨዋና ኮስታራ ሰው ነበር። እሱ ባለበት እንኳን ፈስ፣ ማግሳትም ነውር ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ቁርሱን አስመለሰው፤ ሆዱም ተነፋ። ጎረቤት ነጋዴዎች እንደ ልማዳቸው ሁሉም ሐኪም ሆኑ። አንዱ ተልባ በጠበጠለት፤ ሌላው ዘይት ጠጣ አለው። «በሞቴ» ሲሉት እምቢ ማለት አያውቅምና ሁሉንም ጠጣ። ባሰበት። ከሰዓት ሐኪም ቤት ስንወስደውም መርካቶ በሽተኛ ብቻውን አይሄድምና እናቴ፣ አክስቴ፣ ሦስት ነጋዴዎችና እኔ አልጋውን ከበን ቆምን።

«አባባ፣ ሰገራና ፈስ ይወጣዎታል?» አለ ዶክተሩ።

ሁላችንም ግድግዳ ግድግዳውን አየን። አባቴ ቆቡን አስተካከለ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» አለ።

ዶክተሩም አመነውና የሆድ ድርቀት ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቶ ሸኘን።

በማግስቱ እናቴ መጋዘን ድረስ መጣች። መጥታ አታውቅም።

«አባትህ ትናንት ዋሽቷል» አለችኝ።

«ምን ብሎ?»

«ትናንት ከሱብሒ ሶላት በኋላ ውዱእ አላደሰም። ዝሁርንም አስርንም በዚያው ሰገደ። እሱ እኮ ለየሶላቱ የሚያድስ ሰው ነው!»

ፈስ ያመለጠው ሰው ውዱኡ፣ ለሶላት የታጠበው ትጥበት፣ ይፈርሳል፤ እንደገና መታጠብ አለበት። እናቴ ቃሉን ሳትጠራ የነገረችኝ ቀኑን ሙሉ ፈስ እንዳልወጣው ነው። ወዲያው ታክሲ ይዘን መለስነው። እኔም ለዶክተሩ ቃሉን ሳልደብቅ ነገርኩት፤ ሳይውል ሳያድር ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቡት።

ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። «አንጀታቸው ተጠምዝዞ ደም አጥቷል። የጠቆረውን ቆርጠን አውጥተናል፤ ትናንት ብናገኛቸው ኖሮ ፈትተን እንመልሰው ነበር» አለን።

ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹ የሚጠብቁት ያንኑ ነገር ነበር፤ ፈስ ከወጣው አንጀቱ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ስሙን የማንጠራው ነገር የቤታችን ዱዓ ሆነ። አክስቴ ሳትቀር በሩ ላይ ቆማ «ወጣው እንዴ?» እያለች ትጠይቃለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እንፈርስ ነበር። አልወጣውም። ትኩሳቱ ጨመረ።

«አባዬ፣ ለምን አልነገርከውም?» አልኩት ብቻችንን ስንሆን።

«እንዴት ልንገረው? በሰው ፊት እኮ ነው የጠየቀኝ» አለኝ።

በማግስቱ ሞተ።

ለቅሶ ላይ እነዚያው ሦስት ነጋዴዎች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ ሰማሁ። ተረቱ እውነት ነው። ግን አልጋውን ከብበን የቆምነው እኛው አይደለን? አንዳችን እንኳ «እስቲ ውጭ እንቆይለት» አላልንም። ይህ እስከ ዛሬ ያበግነኛል። እኛ አገር ሰው ታማሚን ብቻውን መተው ነውር ይመስለዋል፤ አንዳንዴ ግን ብቻውን መተው ነበር የሚያድነው።

ባለፈው ሳምንት ዶክተሩ ሲጠይቀኝ ይህ ሁሉ ትዝ አለኝ፤ ምራቴ ቦርሳዋን አንስታ ከክፍሉ ልትወጣ ተነሣች። «ተቀመጪ» አልኳት። ይህ ቃል በቤተሰቤ ፊት እንደሚነገር እንድታውቅ ፈለግሁ።

«ከትናንት ጀምሮ ፈስ አልወጣኝም» አልኩት ዶክተሩን። ፊቴ እሳት ሆነ።

አስተኙኝ፤ በቱቦም የሆዴን አየር አስወጡልኝ። ቢላ ሳይነካኝ ቤቴ ገባሁ። ልጄ ከሥራው ደውሎ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ፣ «አባዬ፣ ፈስ ወጣህ?» አለኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ወጣኝ» አልኩትና ስልኩን እንደያዝኩ አለቀስኩ።