አባቴ እንግዳውን የሰሙ ዕለት

እኔ ሀብሩ ወረዳ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ገበሬ ሰብስቤ አስተምራለሁ፤ መርሳ የሚኖሩት የገዛ አባቴ ግን አይሰሙኝም። «አባዬ፣ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ እየወጣ ነው፤ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይዝሩ» ስላቸው፣ «ዝናብ የአላህ ነው፤ የቢሮሽ አይደለም» ይሉኛል። ከሲሪንቃ ምርምር ማዕከል ያመጣሁላቸው ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር ሁለት ዓመት ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ከረመ።

በጦርነቱ ዓመት፣ ሚያዝያ የዘሩት ማሽላ ሐምሌ ላይ ከጉልበት ሳያልፍ ጠወለገ። «ይገልብጡትና ያንን ዘር ይዝሩበት፤ አለዚያ ዘንድሮ የምንበላው የለም» ብዬ ለመንኩ።

«አስተግፊሩላህ! የቆመ ሰብል ይታረሳል?» ብለው ጮኹብኝ።

በዚያው ሳምንት ጦርነቱ ከራያ ያፈናቀለው አንድ ገበሬ ቤታችን ተጠጋ። ዕድሜው ከእኔ አይበልጥም። ማሳውን ዞሮ አየና፣ «አባቴ፣ ይሄ አይደርስም። እኔም አምና ይደርሳል ብዬ ስጠብቅ ልጆቼ ጦማቸውን አደሩ። ዝናቡ የድሮው አይደለም» አላቸው። በቃ፣ ያለው ይኸው ነው!

«እውነትክን ነው፣ ልጄ» አሉና በማግስቱ በሬ ጠመዱ።

«ልጄ» አሉት! ሦስት ዓመት የለፈለፍኩት እኔ፣ ዘሩን ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ፣ የተሰማው እሱ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይኸው ነው። እንግዳው ያንን ዘር ሲበትን ዳር ቆሜ እያየሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ «ምነው ባልበቀለ!» ብዬ ተመኘሁ። የገዛ ዘሬን!

በቀለ። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ እኛም ዘንድ ደረሰ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ቢሮው ተዘጋ፣ ደመወዜም ቀረ። መስከረም ሳይጋመስ ዝናቡ ቆመ። ያ ማሽላ ግን ቀድሞ አፍርቶ ነበርና ኅዳር ላይ ቆረጥነው።

አውድማው ዳር ቂጣ እየበላን አላስችል አለኝ። «እኔን ያልሰሙኝ፣ እሱን ለምን ሰሙት?» አልኳቸው። እንግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ ነዶ ያነሳል።

አባቴ አልተቆጡም። «አንቺ ዘነበም አልዘነበም ወር ሲደርስ ትበያለሽ። እሱ ጦሙን አድሮበት ነው የነገረኝ» አሉ። የያዝኩትን ቂጣ አዩት። «አሁን አንቺም እንደኛ ነሽ። በይ ንገሪኝ፣ ለከርሞ ምን እንዝራ?»

ስንት ዓመት የጠበቅሁት ጥያቄ! መልሱ አፌ ላይ ነበር። እኔ ግን መጀመሪያ ዘወር ብዬ ያየሁት፣ እንግዳው ሰምቶ እንደሆነ ነው።