ጉልበት የሚደርስ ወይራ

አቃቂ የተከራየሁት ክፍል የሌላ ሰው ነበር። ይህን ያወቅኩት ሻንጣዬን ካስገባሁ በኋላ ነው። ከበሩ ጀርባ ሰማያዊ የተማሪ ሹራብ ተሰቅሏል፤ ከአልጋው ሥር አፍንጫው የተላጠ የኳስ ጫማ አለ። ላወጣቸው ስል አከራዬ በሩ ላይ ቆመው፣ «እነሱን ተያቸው የኔ ልጅ፣ ቦታ አይወስዱብሽም» አሉኝ። ቦታ ግን ወስደውብኛል። ልብሴን ስሰቅል ሹራቡን እንዳልነካው እጠነቀቅ ነበር፤ ስተኛም እግሬ ከጫማው በላይ እንደተዘረጋ አውቃለሁ።

የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ያኔ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር፤ የማውቀውን ሁሉ ላገኘሁት ሰው ካላስረዳሁ ምግብ አይዋጥልኝም። ስለዚህ ስለ ዛፉ ከመናገሬ በፊት ስለ ቤቱ ላስረዳ። አከራዬ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ በተነሳ ጸብ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ እሱም ረጅም ዓመት ተፈረደበት። እኔ ስገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አባትየው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ፤ ፍርዱን ሰምተው ብዙም ሳይቆዩ ሞተዋል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ነው፤ አከራዬ ስለ ልጃቸው «ውስጥ ነው» ከማለት ሌላ ቃል አይጨምሩም።

ዛፉ ወይራ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ችግኝ ሲታደል አንዱን ይዞ መጥቶ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ አቆመው። አጥሩ ሥር እተክለዋለሁ እያለ ሳይተክለው ቀረ። በተወሰደ ሰሞን እናቱ የዛፉን ቁመት በክር ለኩና ክሩን ቋጠሩት። የዚያን ጊዜ የልጁን ጉልበት ይደርስ ነበር። እኔ ያየሁት ዕለት ወገቤን አልፏል።

አንድ እሁድ አከራዬ ከእስር ቤት ጥየቃ ተመልሰው ባዶውን የምሳ ዕቃ እንደያዙ ከዛፉ ፊት ቆሙ። ክሩን አውጥተው ለኩ፤ ቋጠሮው ከግንዱ መሐል እንኳ አልደረሰም።

«አንቺ ልጅ፣ አንቺ የተማርሽው ይሄን አይደል?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ዕፅዋትም እንስሳትም።»

«እንዳያድግ ማድረግ ይቻላል?»

«እንዳያድግ?»

«ሳይሞት።»

እሳቸው ቀጠሉ፤ «ሌላው ሁሉ አልጠበቀውም። ጓደኞቹ ወለዱ፣ መንገዱ ተቆፈረ፣ አባቱ ሄደ። አንድ ነገር እንኳ እንደተወው ያግኝ ብዬ ነው።»

ማዘን ሲገባኝ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም መልሱን አውቀዋለሁ። በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሽፋኑ የወለቀ የውጭ መጽሔት ነበር፤ ጃፓኖች ቦንሳይ የሚሉትን ዛፍ የማሳነስ ጥበብ አይቼበት ነበር። መቶ ዓመት የኖረ ጥድ በትሪ ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆ ብዙም ሳይረዝም። ለአከራዬም ክፍል ውስጥ እንደቆምኩ ሁሉ አስረዳኋቸው። የዛፍ ጫፍ ከበታቹ ላሉት እንቡጦች «እናንተ ቆዩ» የሚል መልእክት ይልካል። ጫፉ ሲቆረጥ መልእክቱ ይቋረጥና ዛፉ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ወደ ጎን ይሄዳል። ከላይ ብቻ ከተቆረጠ ግን ከታች ያለው ሥር መልሶ ይገፋዋል። ስለዚህ ከላይም ከታችም መቀነስ ነው፤ ከዚያ መጠበቅ፤ እንደገና መቀነስ፤ እንደገና መጠበቅ። እሳቸው ከዚህ ሁሉ የሰሙት አንድ ነገር ነው። «መጠበቁን ለኔ ተይው» አሉ።

ከባለሱቁ አፉ የተሰነጠቀ ትልቅ የሸክላ ድስት ለመንኩት።

«ቲቸር፣ የዛፍ ወጥ ልትሠሪ ነው?»

«ዛፍ ላሳንስበት ነው።»

«እኔ ጋ ላኪው፤ እኔ ሱቅ የሚውል ሁሉ ይከሳል።»

የድስቱን ቂጥ በምስማር በሳሁት። የአቃቂ ዋልካ አፈር ክረምት ውሃ ይዞ ሥር ያበሰብሳል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለቀለበት መንገዱ ሥራ ከተደፋው ቀይ አሽ ጠጠር ጥቂት አምጥቼ በወንፊት ነፋሁና ቀላቀልኩበት። ሞተር ከሚጠግን ሰው ደግሞ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ የመዳብ ሽቦ አገኘሁ።

ሽቦውን የያዝኩ ቀን ነው የተሳሳትኩት። አከራዬ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። «ይህቺን ቅርንጫፍ አስራታለሁ» አልኳቸው በደስታ። «አንድ ዓመት ታስራ ከቆየች ቅርጹን ይዛ ትቀራለች። ከዚያ ብትፈታም ወደ ድሮዋ አትመለስም።»

ተነሥተው ገቡ። ማታ ራት ቀረበልኝ፣ እሳቸው ግን አልቀረቡም።

በማግስቱ ባለሱቁ ሲሰማ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «ኧረ ቲቸር! እዚያ ግቢ ‘ማሰር’ አይባልም እኮ። የጫማ ክር እንኳ ይቋጠራል እንጂ አይታሰርም። የበዓል በግ ስወስድላቸው ‘የት ልሰረው’ ብዬ ሦስት ወር ዘጉኝ፤ አሁን ‘የት ላቁመው’ ነው የምለው።»

እኔም ከዚያ በኋላ ቃል መረጥኩ። «ሽቦ ላልብሰው ነው» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ «ይልበስ» አሉ። እንዲህ ሆኖ በዚያ ግቢ ዛፍ የሚለብስና የሚያወልቅ ሆነ። «ዛሬ ይለብሳል?» ይሉኛል፣ ለትምህርት ቤት ስለሚሰናዳ ልጅ የሚጠይቁ ይመስል።

ሥሩን የቆረጥኩት ከበልግ ዝናብ በፊት ነው። ከቆርቆሮው ሲወጣ ሥሩ በራሱ ላይ ተጠምጥሞ የቆርቆሮውን ቅርጽ ይዞ ነበር። ሲሶውን ቆረጥኩ፣ ከላይም እስከ ክሩ ቋጠሮ ድረስ ዝቅ አደረግኩትና ድስቱ ውስጥ አቆምኩት። በሁለተኛው ሳምንት ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ።

በዚያ እሁድ አከራዬ ምሳ ቋጥረው ሄደው ሲመለሱ ነጠላቸውን ሳያወልቁ መጡ። «ምን ብዬው መጣሁ መሰለሽ?» አሉኝ። «‘ዛፍህ እንዳለ ነው’ ብዬው ነው የመጣሁት። ሞቷል?»

ጎንበስ አልኩና የግንዱን ቆዳ በጥፍሬ ጫፍ ፋቅ አደረግኩት። ከቆዳው በታች አረንጓዴ ታየ። «ይመልከቱ እማማ፤ አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ ማለት ነው። ቡናማ ከሆነ ግን አልቋል።» እሳቸውም በገዛ ጥፍራቸው ፋቁ። አረንጓዴውን ሲያዩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ቅጠሉ ከወር በኋላ አቆጠቆጠ። ነገር ግን አንድ ጠዋት ውሃ ሳጠጣ ግንዱን ልብ ብዬ አየሁት፤ ከታች እስከ ላይ በትናንሽ የጥፍር ጭረት ተሸፍኗል። አንዳንዱ ደርቋል፣ አንዳንዱ የዚያኑ ቀን ነው። ዛፉ ለምልሞም መፋቃቸውን አልተዉም ነበር። ቅጠሉን እያዩ እንኳ አላመኑትም። ልነግራቸው ፈልጌ ተውኩት፤ ሽቦውን ሳለብስ ጭረቶቹ ጣቴን ይሻክሩኝ ነበር።

ዓመታቱ በዚህ ሄዱ። እሁድ ጠዋት ከግቢያችን በር የሚያልፉትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ የምሳ ዕቃ ያነገቡ እናቶች፣ አዲስ ልብስ የለበሱ ሕፃናት፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን። ሲመለሱ ድምፃቸው ቀንሶ ነው። አከራዬም ተመልሰው ክሩን ያወጣሉ፣ ይለካሉ፣ «ልክ ነው» ይላሉ።

«ስለ ዛፉ ይጠይቅዎታል?» አልኳቸው አንድ ጊዜ።

«እኔ እነግረዋለሁ። እሱ ዝም ይላል። አጥሩ ያራርቀናል፣ ጫጫታው ብዙ ነው፤ አይሰማኝ ይሆናል።»

በአራተኛው ዓመት ሥራዬ አማረ። ግንዱ ከታች ወፈረ፣ ቆዳው ተሰነጣጠቀ፣ ቅጠሉ አነሰ፣ ቅርንጫፎቹ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ትልልቅ ወይራዎች ወደ ታች ተዘረጉ። ተማሪዎቼን እያመጣሁ አሳያቸው ነበር። አንድ ከሰዓት ለአከራዬም የጥበቡን ዋና ግብ አስረዳኋቸው፤ ትንሽ ሆኖ ሽማግሌ መምሰል ነው አልኳቸው።

ረጅም ጊዜ አዩት። «ልጅ አይመስልም» አሉ።

«አላደገም እኮ፣ ክሩን ይመልከቱ።»

«አላደገም። አርጅቷል እንጂ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዛፉን በሩቁ ያዩት ጀመር። ክሩን ግን አልተዉም።

ልጁ በአመክሮ የወጣው ሳይጠበቅ ነው። ከሰዓት ነበር፤ በረንዳው ላይ ፈተና አርማለሁ። በሩን አንድ ሰው ገፋ አደረገው። ከግንባሩ በላይ የተመለጠ፣ ትከሻው የወደቀ፣ በእጁ ፌስታል የያዘ። ቆጣሪ የሚያነብ መሰለኝ።

«ማንን ፈልገህ ነው?»

«እናቴን» አለኝ።

እናቱ አቀፉት፣ አለቀሱ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ባለሱቁ ሁለት ሳጥን ለስላሳ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ሁሉም እንደሚሆነው ሆነ። ሲመሽ ግን እናቱ ለልጁ ፍራሽ ያነጠፉለት ሳሎን ነው፤ ለሩቅ እንግዳ የሚወጣውን አንሶላ አወጡለት። እኔ ዕቃዬን ልሰበስብ ስጀምር ገቡ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ክፍሉን ልለቅለት ነዋ።»

«የልጄን ክፍል? ማን ጠየቀሽ?» አሉ ተቆጥተው፣ በሩንም በላዬ ዘጉት።

በማግስቱ ልጁ ዛፉን አየ። አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ግንዱን ሳይነካ ዞረው።

«ያ ነው?»

«ያው ነው» አልኩት። «አምስት ዓመት ሙሉ ደክመንበታል።»

«ታስሯል እኮ» አለ።

ከወጥ ቤት የሳህን ድምፅ ቆመ። እሱ ሳቀ፤ ሳቁ የመጀመሪያው ነበር፣ የፊት ጥርሱ አንዱ የለም። «ፒንሳ አለሽ ቲቸር?» አለኝ። ሽቦ ሲወጣ ወደ ኋላ አይጠመዘዝም፣ ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ ዙሩ አንድ በአንድ ይቆረጣል። ይህን አሳየሁት። ቀስ እያለ ቆረጠው፤ የመዳቡ ቁርጥራጭ በእግሩ ሥር ተከማቸ። ቅርንጫፎቹ ላይ የሽቦው ዱካ ጠምዛዛ መስመር ሆኖ ቀርቷል። ከዚያ አጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፈረ፤ ጥልቅ፣ ጎኑ የተስተካከለ። «እሁድ እንተክለዋለን» አለ። «መሬት ሲገባ ጣሪያውን ያልፋል አይደል?»

«ያልፋል» አልኩት። በእርግጥም ያልፋል።

እሁድ ጠዋት ስነሣ እናቱ ምሳ ዕቃ እየሞሉ ነበር። ክዳኑን ዘጉ፣ በጨርቅ ጠቀለሉ፣ ነጠላቸውን ለበሱ። ልጁ የወይራውን ድስት አቅፎ ከቦታው ወደ ጉድጓዱ እያመጣው ነው።

«እማዬ፣ የት ልትሄጂ ነው?»

«ልጄን ልጠይቅ ነዋ።»

ቀልድ መሰለው። «እኔ እኮ እዚህ ነኝ!»

«አንተማ መጣህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉት በጥሩ ድምፅ፣ ልብ የሚያሳርፍ ዓይነት። «እሱ ግን ገና ነው። ሰዓቱ አለፈብኝ።» ወደ ድስቱም ጠቆሙ። «እሱን ከቦታው አታንሣብኝ። ሲመጣ እዚያ ነው የሚፈልገው።»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ ያን ጠዋት ግን ዓይኔን ወደ ድስቱ መለስኩ። ዛፉን በክሩ ልክ ያቆየሁት እኔ ነኝ፤ ሹራቡ፣ ጫማው፣ ወይራው፣ ሁሉም ያ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ገና እንደሚመጣ ይናገራሉ። ይህ መላጣ ሰው ለየትኛውም አይሆንም።

ድስቱን ወደ ቦታው መልሶ አስቀመጠው። ምሳ ዕቃውን ከእናቱ እጅ ወሰደና፣ «በይ እንሂድ፣ የታክሲው ወረፋ ሳይበዛ» አላቸው። ከዚያ ሁሉ መንገደኛ ጋር ተቀላቅለው ሄዱ፣ እሱ አንድ እርምጃ ከኋላ።

ሲመለሱ እናቱ ፊታቸው በርቷል። ሳሎን ገብተው ጋደም አሉ። ልጁ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

«በሩ ድረስ ሄዳችሁ?»

«ስሜን ነገረቻቸው። ጥበቃው አወቀኝ፤ እኔን አየ፣ እሷን አየ። ‘እማማ፣ ዛሬ አይጠየቅም፣ ግን ደህና ነው’ አላት። መረቀችው።»

«ምሳውስ?»

«መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። ‘ከሚበላሽ አንተ ብላው፣ አንተም የሰው ልጅ ነህ’ አለችኝ።» እጁን አየ። «በላሁት። እሱ እዚያ ሲበላው እንደነበረው ነው ጣዕሙ።»

አካፋውን አንሥቶ ጉድጓዱን መልሶ ሞላው፣ በእግሩም ረገጠው። ከዚያ ከርጩማው ላይ መቀሴን አነሣና ወይራው ፊት ቁጢጥ አለ። ሽቦው ከወለቀ ወዲህ ባሉት ጥቂት ቀናት ጫፉ ላይ ሁለት ቀላ ያሉ ቅጠሎች ወጥተዋል፤ ከክሩ ልክ በላይ።

«ቲቸር፣ የቱን ነው የምቆርጠው?»

«አዲሱን» አልኩት። «ሁልጊዜ የሚቆረጠው አዲሱ ነው።»

መቀሱን አስጠጋ፤ ድምፁ ሳሎን እንዳይሰማ ቀስ ብሎ ቆረጠ።