የፍልሰታ ጎመን

ፈሪ ነኝ። ልጅ ሆኜም ፈሪ ነበርኩ፤ መሬት ተከራይቼ ጎመን መትከል ከጀመርኩ ወዲህ ግን ባሰብኝ። ፀሐይ ስትወጣ እፈራለሁ፤ ሲደምንም እፈራለሁ። አሌክሳንድሪያ ካለው አፓርታማችን ተነስቼ ሜሪላንድ ገጠር ወዳለችው ቁራሽ መሬታችን ስነዳ፣ ዓይኔ ከመንገዱ ይልቅ ሰማዩ ላይ ነው። አንድ ቀን ሰው ገጭቼ አርፈዋለሁ።

አብረውኝ የሚሠሩት አባቴ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ጎጃም ሲያርሱ ኖረው፣ እናቴ ከሞተች በኋላ እኔ ጋ መጡ። ቤት ውስጥ ተቀምጦ መዋል ሊገድላቸው ደርሶ ነበር፤ መሬቷንም የተከራየሁት ግማሹን ለእሳቸው ብዬ ነው። ፀረ ተባይ አንረጭም። ትሉን በእጃችን እንለቅማለን፣ አፈሩ እንዳይደርቅ ገለባ እናለብሰዋለን፣ ማዳበሪያችንም የበሰበሰ ፍግና ቅጠል ነው። ከአፈሩ ጋር ተስማምተናል፤ ያልተስማማነው ከሰማዩ ጋር ነው። በጸደይ የተከልነውን ችግኝ አንድ ከሰዓት በኋላ የወረደ ዶፍ ከነአፈሩ ጠርጎ ወሰደው። እንደገና ተከልን። ከዚያ ደግሞ ዝናቡ የውሃ ሽታ ሆነና ሙቀቱ መጣ። ስልኬ ነገ ዝናብ አለ ባለ ቁጥር አባቴ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" እያሉ ይስቁብኛል። እኔ አልስቅም።

ፍልሰታ ሲገባ ጭንቀቴ እጥፍ ሆነ። በፍልሰታ አበሻ ሁሉ ጎመን ይፈልጋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ግሮሰሪ ያላት ደንበኛችን "እባክሽ እንዳታሳፍሪኝ፣ ኦርደር ያደረጉት ሰዎች ኮል እያደረጉ ሊገድሉኝ ነው" ትለኛለች። ጎመኑ ደግሞ በሙቀቱ ብዛት ያለጊዜው አበባ ሊያወጣ ይታገላል፤ አበባ ካወጣ ይመራል። ስለዚህ ጠዋትም ቀንም ውሃ ማጠጣት ነበረብን። የሚያጠጡት አባቴ ናቸው። እሳቸው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ጉንጭ ውሃ አይቀምሱም።

በአባቴ አገር ነሐሴ ጭቃና ብርድ ነው። ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ይውላል እንጂ ውሃ ጠማኝ የሚል የለም። እዚህ ነሐሴ እሳት ነው። ጾሙ ያው ጾም፣ ወሩ ያው ወር ስለሆነ፣ አባቴ ፀሐዩንም ያው ፀሐይ አደረጉት።

"አባዬ፣ ውሃ እንኳ ይጠጡ" አልኳቸው አንድ ቀን ጠዋት። "የንስሐ አባትዎ ይፈቅዱልዎታል። አሁን ልደውልላቸው?"

"ሕፃን የሚጾመውን ጾም እኔ ልፍታ? ምን ሆኜ?" አሉና የውሃውን ጎማ አነሱ። "ይልቅ ሂጂ፣ የቆረጥነው ሳይጠወልግ አድርሺው።"

መኪናውን ጭኜ ሄድኩ። ጎመኑን ሲልቨር ስፕሪንግ አራግፌ ስመለስ ደወልኩላቸው፤ አያነሱም። ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሱም፣ ይህን አውቃለሁ። ግን ደግሜ ደወልኩ። መንገዱ ተዘግቶ መኪናዎቹ ፍንክች አይሉም። የመኪናዬን መስታወት ዝቅ ሳደርገው የገባው አየር ከምድጃ የወጣ ይመስል ነበር። "እመቤቴ፣ በጾምሽ አትጨክኚብኝ" እያልኩ ጮክ ብዬ ስጸልይ፣ ከጎኔ መኪና ውስጥ ያለው ሰውዬ ዞሮ አየኝ።

ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ባርኔጣቸውን ነው፤ መሬት ላይ ወድቋል። እሳቸው በሁለት መደብ ጎመን መሃል በጎናቸው ተኝተዋል። ጎማውን አልለቀቁትም። ውሃው በጣቶቻቸው ላይ እየፈሰሰ ወደ ጎመኑ ይወርዳል፤ ከንፈራቸው ግን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ግንባራቸውን ስነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል፣ ላብ የሚባል የለውም። ጮህኩ። ማን እንዲሰማኝ እንደጮህኩ አላውቅም።

በብብታቸው ይዤ ማሳው ዳር ወዳለው ዛፍ ጎተትኳቸው። ጥላው ከግንዱ ሥር ስለተሰበሰበ ከወገባቸው በላይ ብቻ ነው የበቃው፤ እግራቸው ፀሐይ ላይ ቀረ። አምቡላንስ ጠራሁ። ስልኩን ያነሳችው ሴት በውሃ አቀዝቅዣቸው፣ ከነቁና መዋጥ ከቻሉ በትንሽ በትንሹ አጠጫቸው አለችኝ። ጎማውን አምጥቼ ራሳቸውንና ደረታቸውን አራስኩት። ሞቱ ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ሞቱ ብዬ ነበር።

ዓይናቸውን ገለጡ። ከመኪናው ያመጣሁትን የውሃ ጠርሙስ ወደ አፋቸው ሳስጠጋ ከንፈራቸውን ገጠሙ።

"ስንት ሰዓት ነው?" አሉ በደከመ ድምፅ።

ሰባት ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። "ዘጠኝ አልፏል፣ አባዬ" አልኩ። "ቅዳሴም ወጥቷል።"

አባቴ ሰዓት አስረው አያውቁም፤ በጥላ ነው ጊዜ የሚያውቁት፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ። ፀሐይ ላይ የቀረውን እግራቸውን አዩ። ከግንዱ ሥር የተሰበሰበውን ጥላ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

እሳቸው ግን አፋቸውን ከፍተው ጠጡ፤ እጄን ጨብጠው ይዘው፣ አምቡላንሱ እስኪደርስም ሳይለቁኝ። አባቴ ሲፈሩ ያየሁት ያን ቀን ነው።