በእትዬ ሪግሞር ደጃፍ የቆመው ግማሽ ቅስት

ጋሽ ቬርነር ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን በሊንደዳል ጎዳናዎች ደብዳቤ ሲያድሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ እግራቸው አርፎ መቀመጥ እምቢ አላቸው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማችንን ለማየት የሚመጡ እንግዶችን በእግር ማስጎብኘት ጀመሩ። ማንም አልጠየቃቸውም፣ ማንም አይከፍላቸውም።

ሊንደዳልን ዞሮ ለመጨረስ ብዙ አይፈጅም። ከዴንማርክ የመጡ አያቶቻችን በአዮዋ የበቆሎ ማሳ መካከል ሲቆረቁሯት፣ ዋና ዋናውን ነገር ሁሉ በአንድ ጎዳና ላይ ደርድረውታል። የነፋስ ወፍጮው፣ ዳቦ ቤቱና ጣሪያው ሥር ትንሽ የእንጨት መርከብ የተንጠለጠለባት ቤተ ክርስቲያን አንዱ ከሌላው ይታያሉ። ጋሽ ቬርነር ግን ከወፍጮው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቀጥ ብለው ሄደው አያውቁም። ወፍጮው ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ ይታጠፋሉ፤ የኋላውን ጎዳና ይዘው ነጭ አጥር ያለው አንድ ቤት ፊት ይቆማሉ።

«ይህ» ይላሉ እጃቸውን ዘርግተው፣ «የባንዲራ ምሰሶ ነው።»

የባንዲራ ምሰሶ የሌለው ቤት በከተማችን የለም። እኔም አለኝ። ስለ እኔ ምሰሶ ግን ማንም አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ጋሽ ቬርነር በዚያ ምሰሶ ላይ ያወሩትን ያህል በቤተ ክርስቲያኑ መርከብ ላይ አላወሩም። ቤቱ የእትዬ ሪግሞር ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ብቻቸውን ይኖራሉ። ምላሳቸው ስለታም፣ እጃቸው ግን ለጋስ ነው። ወሬው ሲረዝም መስኮቱን ከፍተው ብቅ ይላሉ።

«ቬርነር! ምሰሶው ካለፈው ሳምንት ወዲህ አላደገም!»

እንግዶቹ ይሥቃሉ፤ ጋሽ ቬርነር ጆሯቸው ድረስ ይቀላሉ። ነገሩን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የዳቦ ቤቱ ድመት እንኳ ሳታውቀው አትቀርም።

በዚያ ዓመት ፀደይ ግን ከምሰሶው አጠገብ ሌላ እንጨት ተተከለ። ላዩ ላይ «የሚሸጥ ቤት» ይላል። እትዬ ሪግሞር በመከር ወቅት አሪዞና ወዳለችው ልጃቸው ጠቅልለው ሊሄዱ መሆኑ ተሰማ። በዚያ ቅዳሜ አንድ እንግዳ ሰሌዳውን እያሳየ «ይሄስ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃቸው።

«ይሄ ታሪካዊ አይደለም፤ እንለፈው» አሉ ጋሽ ቬርነር። ወሬያቸውን ሳይጨርሱ ከዚያ ቤት ሲነሡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የዘገየ እንግዳ እንዳይጠፋ ከሰልፉ ኋላ ኋላ እሄዳለሁ። በዚያ ቀን እንግዶቹን ከሸኘን በኋላ አላስችል አለኝ።

«ጋሽ ቬርነር፣ ለምን አይነግሯቸውም?»

«ምኑን?»

«ምኑን እንደሆነማ ያውቁታል።»

ኮፍያቸውን አውልቀው ውስጡን አዩት። «እኔ ፖስተኛ ነኝ። የሰው ቃል ነው የማደርሰው። የራሴን አድርሼ አላውቅም።» ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እየጸለይኩበት ነው» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ።»

«ከየትኛው ፋሲካ?»

ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ።

«እግዚአብሔር ታጋሽ ነው ጋሽ ቬርነር። እትዬ ሪግሞር ግን ዕቃ እየጠቀለሉ ነው» አልኳቸው።

በጋው እንዲሁ አለፈ። የሚሸጠው ቤት ገዢ አገኘ የሚል ወሬም መጣ፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው ተባለ። በዚህ መሐል የኦቬና የኬርስቲን ሃያ አምስተኛ የጋብቻ ዓመት ደረሰ። ቤታቸው ከእትዬ ሪግሞር ቤት አጠገብ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ሃያ አምስት ዓመት በትዳር ከቆየ፣ ጎረቤት በዋዜማው ተሰብስቦ የቤቱን በር ከግራ እስከ ቀኝ በጥድ ቅርንጫፍ ቅስት ያስጌጥለታል። በነጋታው ጎሕ ሲቀድ ደግሞ መስኮቱ ሥር ቆሞ ይዘምራል። ባልና ሚስት ምንም እንዳልሰሙ ሆነው ይተኛሉ፤ ከዚያ ደንግጠው ይወጣሉ፤ ከዚያ ሰውን ሁሉ ቁርስ ያበላሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ለሞላቸው ደግሞ ግማሽ ቅስት ይሠራላቸዋል፤ የበሩ አንድ ጎን ብቻ ያጌጣል። ይህን ደንብ እንደ ጋሽ ቬርነር አጥብቆ የሚያውቅ ስለሌለ የቅስቱ ሥራ ለእሳቸው ተሰጠ።

ዋዜማው ቅዳሜ ዋለ። ኦቬና ኬርስቲን «ትራክተር ልናይ ነው» ብለው፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከከተማ ወጡ። ያን ቀን የመጡት እንግዶች ከካንሳስ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ነበሩ። መሪያቸው ወይዘሮ ዶሎረስ ባለፈው ዓመትም መጥተው ነበር። የቤተ ክርስቲያናቸውን ዕቃ ቤት በገዛ እጃቸው የሠሩ፣ መዶሻ ሲያዩ ዐይናቸው የሚበራ ሴት ናቸው።

«ዛሬ ማየት ብቻ አይደለም» አሏቸው ጋሽ ቬርነር። «ዛሬ አብራችሁ ትሠራላችሁ።»

ለእያንዳንዷ የጥድ ቅርንጫፍ ታደለ። ሴቶቹ ቅርንጫፋቸውን ይዘው እየዘመሩ ሲከተሏቸው የሆሳዕና ሰልፍ ይመስል ነበር። እኔ መሰላል ተሸክሜ ከኋላ ቀረሁ። ወፍጮው ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ ታጠፉ፤ ያን ቀን መንገዱ በእርግጥም በዚያ ነበር። ችግሩ ጋሽ ቬርነር አንድ ቤት ቀደም ብለው መቆማቸው ነው። እግራቸው እዚያ መቆም ለምዷል፤ ቆመ።

ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ንግግር ጀመሩ። ስሜት ሲይዛቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ነው የሚናገሩት፤ ያን ቀን በጣም ጨፍነዋል።

«ቤቱ ይሄ ነው?» አሉ ወይዘሮ ዶሎረስ።

ጋሽ ቬርነር ሰው ንግግራቸውን ሲያቋርጣቸው እጃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ቆዩኝ ማለታቸው ነው። ወይዘሮ ዶሎረስ ግን ጀምሩ የተባሉ መሰላቸው። ጋሽ ቬርነር ስለ ጥድ፣ ስለ ትዳር ጽናት፣ አያቶቻችን በዚህ ሜዳ ላይ ጥድ አጥተው ምን ያህል እንደተቸገሩ ሲተርኩ፣ ሴቶቹ በአጠገባቸው እያለፉ ምስማር ይመታሉ። መዶሻውን ሰምተው ይሆናል፤ ከኦቬ ቤት የመጣ መስሏቸው ይሆናል። እኔ መሰላሉን እየጎተትኩ ስደርስ የበሩ ግራ ጎን ከታች እስከ ላይ አልቆ ነበር። አፌን ሳልከፍት አንዷ «እሰይ፣ መሰላሉ መጣ!» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ።

ያኔ በሩ ተከፈተ። እትዬ ሪግሞር እንደ ኳስ የሚድቦለቦለውን የዴንማርክ ፓንኬክ እየጋገሩ ነበር። የሚያገላብጡበትን የሹራብ መርፌ እንደያዙ ሲወጡ፣ የጥድ ቅርንጫፍ ፊታቸውን ጠረገው።

«ቬርነር!»

ጋሽ ቬርነር ዐይናቸውን ገለጡ፤ ዞሩ፤ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የክብር ቅስት ነው» አሉ። ድንጋጤው እንኳ የማስጎብኘት ድምፃቸውን አላስጣላቸውም። «ከጥድ ቅርንጫፍ የሚሠራ ሲሆን…»

«ምን እንደሆነማ አውቃለሁ! እኔ ደጃፍ ላይ ምን ይሠራል ነው የምልህ!»

ወይዘሮ ዶሎረስ ከመሰላሉ ላይ ፈገግ አሉ። «እንኳን አደረሰዎት እመቤቴ! ሃያ አምስት ዓመት ቀላል አይደለም። ባለቤትዎ የት አሉ?»

«መቃብር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ።»

መዝሙሩም መዶሻውም ጸጥ አለ። ወይዘሮ ዶሎረስ ቀስ ብለው ከመሰላሉ ወረዱ። እትዬ ሪግሞርን አዩ፤ ጋሽ ቬርነርን አዩ።

«ታዲያ እኚህ ሰውዬ» አሉ፣ «ባለፈው ዓመትም እዚሁ ገትረውን የነበሩት ለምንድን ነው?»

«እሱን እኔም ልሰማ ስንት ቅዳሜ መስኮት ላይ ተገተርኩ!» አሉ እትዬ ሪግሞር።

ጋሽ ቬርነር ኮፍያቸውን ያጥፋሉ ይዘረጋሉ። «ኦቬ ቤት ነበር የምንሄደው… እግሬ ነው… አሁኑኑ እናነሣዋለን።»

«ቆሞ ሳይዘመርለት የተነሣ ቅስት አለ?»

«የለም።»

«ማን ነው በየሳምንቱ እሱን የሚያስተምረው?»

«እኔ ነኝ። ግን እኮ… ገና ግማሽ ነው።»

«ግማሽ ለማን ነው የሚሠራው?»

«አሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ለሞላቸው።»

እትዬ ሪግሞር ምሰሶውን አዩት። «እዚህ ሥር መቆም ከጀመርክ ያን ያህል ሆነህ እንዴ?»

«ገና ነው» አሉ ጋሽ ቬርነር፤ ሐሰት መናገር አይሆንላቸውም። ከዚያ ሰማይን አዩ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ያው ከፋሲካ ጀምሮ የሚጸልዩት ጸሎት መሆኑ ገባኝ። «ሪግሞር፣ አሪዞና አትሂጂ።»

«ለምን?»

የካንሳስ ሴቶች ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«ይሞቃል» አሉ ጋሽ ቬርነር።

«ቬርነር!»

«እሺ።» ኮፍያቸው መሬት ወደቀ፤ አላነሡትም። «አንቺ ከሄድሽ በዚህ ጎዳና የምመጣበት ምክንያት የለኝም። ወፍጮውም፣ ዳቦ ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም በዚያኛው በኩል ናቸው።»

ከቤት ውስጥ የሚያርር ነገር ሸተተ።

«ፓንኬኬ አረረ» አሉ እትዬ ሪግሞር። የሹራብ መርፌውን የኋላ ጸጉራቸው ውስጥ ሽጉጥ አድርገው ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ? ቀኙንም ጨርሱ እንጂ! ይሄ ሰውዬ በግማሽ ቅስት ሥር ማንን ሊያገባ ነው?»

ወይዘሮ ዶሎረስ መሰላሉን ሁለት ሁለት ደረጃ እየረገጡ ወጡ። እኔ ኮፍያውን አንሥቼ አቧራውን አራገፍኩ። ዐይኔ ውስጥ የገባ ነገርም ነበር፤ ጥድ ይሆናል።

ያረረውንም ያላረረውንም ፓንኬክ በልተን፣ ቡና ጠጥተን ስንጨርስ ነው ኦቬና ኬርስቲን ትዝ ያሉን። ጥድ አልቋል። የተረፈውን ሁለት ቅርንጫፍ ከእኔ አጥር በተቆረጠ ቅጠል አደባልቀን የበራቸውን አንድ ጎን ብቻ አለበስን። በነጋታው ጎሕ ሲቀድ መጀመሪያ እትዬ ሪግሞር ደጃፍ፣ ቀጥሎ እነሱ ደጃፍ ዘመርን። ኦቬ በተተኮሰ ሸሚዙ ላይ የሌሊት ልብሱን ደርቦ፣ በደንብ ደንግጦ ወጣ። በሩን ሲያይ ግን ከልቡ ደነገጠ።

«ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ታግሼ ግማሽ ብቻ?»

«የታገስኩት እኔ ነኝ» አለች ኬርስቲን ከኋላው። «እሷ ግማሽ የእኔ ናት። የአንተን ሲደርስ ይሠሩልሃል።»

ጋሽ ቬርነርና እትዬ ሪግሞር በረዶ ሳይጥል ተጋቡ፤ እንጨቱ መርከብ ሥር ቆመው። ሙሽራው ቃል ኪዳኑን ሲገቡ ዐይናቸውን አልጨፈኑም። «የሚሸጥ ቤት» የሚለው ሰሌዳም ተነቅሎ ጋሽ ቬርነር ቤት ፊት ተተከለ። ስለዚህ ነገር ባሰብኩ ቁጥር እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ጋሽ ቬርነር በአፋቸው ሲጸልዩ የከረሙትን እሱ በእግራቸው መለሰላቸው።

በዓመቱ ወይዘሮ ዶሎረስ ሌላ አውቶቡስ ሙሉ ሴቶች ይዘው መጡ፤ መዶሻቸውንም አልረሱም። ሰልፉ ወፍጮው ጋ ደርሶ ወደ ግራ ታጠፈ። ጋሽ ቬርነር ነጩ አጥር ፊት ቆሙ፤ እጃቸውን ወደ ምሰሶው ዘረጉ፤ ከዚያ መለሱትና በሩን ከፈቱ።

«ይህ ቤቴ ነው» አሉ። «ግቡ።»

ቤተ ክርስቲያኑን ያን ቀን አላየነውም።