የማይታየው ብርሃንና የግራ ጎኔ

መጀመሪያ የተሰማኝ ማሳከክ ነው፤ ከግራ ጡቴ ሥር ተነሥቶ ወደ ጀርባዬ የሚዞር። ያኔ በእስራኤል፣ በአፉላ መሀል ከተማ አንዲት አሮጊት እየተንከባከብሁ ነበር የምውለው። የሳሙና ቁጣ መሰለኝ። በማግስቱ ቆዳዬ ቀላ፤ በሦስተኛው ቀን ውኃ የቋጠረ ሽፍታ በመስመር ወጣብኝ። አገራችን አልማዝ ባለጭራ የሚባለው ነው። ቅቤ ቀባሁበት። አሮጊቷን ለማን ትቼ ልሂድ ብዬ ሳምንት አሳለፍሁ።

በመጨረሻ የሄድሁባት ሐኪም ከጀመረኝ ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኋት። ካርዴ ላይ ጻፈች። ቫይረሱን የሚገታው ክኒን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቢጀመር እንደሚሻል ያን ዕለት ሰማሁ።

ቁስሉ ደረቀ። ሕመሙ አልሄደም። ነርቩ ተጎድቷል አሉኝ። ሸሚዝ ሲነካኝ ያቃጥላል። ነፋስ ሲነካኝ ያቃጥላል። ፕሪጋባሊን የሚባል የነርቭ ሕመም ማስታገሻ ክኒን ጀመርሁ፤ ራሴን አዞረኝ፤ ደረጃ ላይ ወደቅሁ። ሥራዬን ለቀቅሁ። አውቶቡስ ላይ ሰው እንዳይገፋኝ ፈርቼ ከምኖርበት ኮረብታ ሰፈር ከጊቫት ሃሞሬ መውረድ ተውሁ።

በዚያው ሰሞን ታየች የምትባለው ታናሽ እኅቴ ከጎንደር ገባች። ወደ እስራኤል ለመምጣት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ ነበር። መንገዷን በሐሳብ እንዳልሞላባት ብዬ ሕመሜን በስልክ አልነገርኋትም። አዲስ ገቢዎች የሚያርፉበት ማዕከል በር ላይ ስታየኝ እጇን ዘርግታ ሮጠች።

ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ቆማ ቀረች። ላስረዳት ሞከርሁ፤ ጎኔን ያመኛል አልሁ። ላየኝ ሰው ግን ደኅና ነበርሁ። ክፍሏ ከገባን በኋላ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «እታለም፣ መምጣቴ ከብዶሽ እንዳይሆን» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ እየራቀ ሄደ።

ወራት አልፈው ወደ ሕመም ማስታገሻ ክሊኒክ ተላክሁ። ሐኪሙ ኢንፍራሬድ ሌዘር እንሞክር አለ። ዓይን የማያየው ብርሃን ነው፤ ከቆዳ ሥር ዘልቆ ያለ ዕረፍት የሚጮኹትን የነርቭ ሕዋሳት ሥራ ይገታል ተብሎ ይታሰባል። ጥናቱ ገና እንደሆነ አልደበቀኝም። «ነርቩን አንቆርጠውም፣ አንገድለውም። ዝም እንዲል ነው የምንሞክረው። እንዳልረዳሽ ካየሁ በግልጽ እናገራለሁ» አለኝ።

ጥቁር መነጽር አደረጉልኝ። መሣሪያውን ከቆዳዬ ትንሽ ከፍ አድርገው ጎድኔን ተከትለው ነጥብ በነጥብ ያዙት። ሙቀት የለውም። ድምፅ የለውም። በሳምንት ሁለት ቀን ሄድሁ። ምንም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ መነጽሩ ውስጥ አለቀስሁ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ስነቃ አንሶላው ጎኔ ላይ እንዳለ ነው፤ እንደ ወትሮው ሳልገፋው ለብሼው አድሬአለሁ፤ ያቃጥል የነበረውም እንደ ሩቅ ድምፅ ደክሞ ነበር። ለታየች ደውዬ ለሚቀጥለው ሕክምና አብራኝ እንድትሄድ ለመንኋት። መጣች። ባለሙያዋ መሣሪያውን ስታስጠጋ፣ ገና ሳይደርስብኝ ስንቀጠቀጥ አየችኝ። ስንወጣ መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠች።

«እኔን የጠላሽኝ መስሎኝ ነበር» አለች። ደጋግማ አለችው።

ዛሬ ሕመሙ ግማሽ ያህል አለ። ሕክምናው ሲቋረጥ ይነሣል፤ ክኒኑንም አልተውሁም። ሥራዬ አልተመለሰም። እኔና ታየች በየሳምንቱ እንገናኛለን፤ ያ በር ላይ የሆነው ግን በመካከላችን አለ፤ ሁለታችንም አናነሣውም።

ያን ሐኪምና እጇ የማይቸኩለውን ባለሙያ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ። እናንተ ግን፣ ሽፍታው በአንድ ጎን በመስመር ከወጣ ቅቤ አትፈልጉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስለ ሌዘሩ ጠይቁ፤ ለሁሉ እንደማይሠራም እወቁ። የነርቭ ሕመም ለሌላ ሰው አይታይም። ስለዚህ ለቅርብ ሰዎቻችሁ ሳይመሽ ንገሩ፤ የሚያማችሁን ቦታ በጣታችሁ አሳዩአቸው።