ደም የምትሸና ላም

ቄራ የገባሁ ዕለት የሥጋ መርማሪው ጋሽ ደሴ ቢላና የጎማ ቦቲ ሰጡኝና ሥራዬን ባጭሩ ነገሩኝ። «ጨጓራና አንጀት ታጥቢያለሽ። ጉበት፣ ሳንባ፣ ልብና ኩላሊት የኔ ነው፤ እንዳትነኪ።»

«የሽንት ፊኛውስ?»

«እሱ ምን ያደርጋል? ጉድጓድ ጣይው!»

እጥለዋለሁ። ግን እጄ አያርፍም፤ ከመጣሌ በፊት ሰንጠቅ አድርጌ ውስጡን አያለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ያስተማረኝ ይኸው እጄና ከጋሽ ደሴ እየተዋስኩ የማነበው መጽሐፍ ነው። የጤነኛ ከብት ፊኛ ውስጡ ነጣ ያለ፣ ለስላሳ ነው።

አንድ ሰኞ ከድብ ባሕር የመጣች ላም ታረደች። ፊኛዋን ብሰነጥቀው ደም ሞልቶታል፤ ግድግዳው ላይ የአበባ ጎመን የመሰለ ቀይ እባጭ ተደርድሯል። በሳምንቱ ሌላ ላም፣ ያው እባጭ። የሁለቱም ባለቤት እማማ ጥሩ የሚባሉ ባልቴት ናቸው።

«ጋሽ ደሴ፣ ይህን ይዩልኝ።»

«ጉድጓድ ጣይው አላልኩሽም?» አሉ። ግን መነጽራቸውን አደረጉ። ከእባጩ ቁራጭ በጠርሙስ ከተው ወደ ላቦራቶሪ ላኩ፤ ሥጋው እንዲወገድም ፈረሙ።

እማማ ጥሩ ነደዱ። «ሦስቴ መርፌ ተወግታለች! የከብት ሐኪሞቹ ደም የሸናችው ከመዥገር ነው ብለውኛል። አንቺ አንጀት አጣቢ፣ ምን አገባሽ?»

«ሌላ ላም አለዎት?»

«አንዲት ቀርታኛለች። የልጅ ልጄን የማሳድገው በሷ ወተት ነው።»

የላቦራቶሪው መልስ መጣ፤ ካንሰር። ጋሽ ደሴ መጽሐፍ ገልጠው አስረዱኝ። «ከብቱ የበላው የአንድ የዱር ተክል መርዝ በሽንት ወርዶ ፊኛ ውስጥ ይቆያል። እዚያ በሕዋሱ ዘረመል ላይ ይጣበቃል። ሕዋሱ ሲከፈል ዘረመሉን አሳስቶ ይገለብጣል፤ ስሕተቱ እየተወረሰ ሄዶ እባጭ ይሆናል።» ገጹን ገልብጠው፣ «ወተት ውስጥም ይገባል» አሉኝ።

የተክሉን ሥዕል አየሁት፤ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ ቅጠል ነው። በማግስቱ መጽሐፉን ይዤ በሚኒባስ ድብ ባሕር እማማ ጥሩ ቤት ወረድኩ።

በረቱ ውስጥ የተጎዘጎዘው ሁሉ ያ ቅጠል ነው። ላሟ ከሥሯ እየመዘዘች ታላምጣለች። የልጅ ልጃቸው ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ወተት በኩባያ ይዛለች።

«እማማ፣ ኩባያውን ይቀበሏት!»

«ምነው? ምን ሆነሽ ነው?»

«ሁለቱን የጨረሰብዎት ይህ ቅጠል ነው። ወተቱም ውስጥ አለ።»

«ገለባ ቢወደድብኝ ከጫካ ዳር ያጨድኩት ጉዝጓዝ? ታዲያ ልጄን በምን ላሳድጋት፣ በውሃ?»

መጽሐፉን ገልጬ ሥዕሉን ከእግራቸው ሥር ካለው ቅጠል ጎን አስቀመጥኩላቸው። አንዱን አነሡ፣ አስተያዩ፣ ደግመው አስተያዩ። ከዚያ ኩባያውን ከልጅቷ እጅ ወስደው አመድ ላይ ደፉት። ልጅቷ አለቀሰች። እኔና እሳቸው ጉዝጓዙን ጠርገን አወጣንና አቃጠልነው።

ላሟ ከዚያ ወዲያ ያን ቅጠል አልቀመሰችም። ዓመት ሳይሞላ ግን ደም ሸናች። ቄራ ስትታረድ ፊኛዋን ራሴ ከፈትኩት፤ እባጩ አለ። አንዴ የተበላሸ ዘረመል ጉዝጓዝ ስለተጠረገ አይመለስም።

ልጅቷ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ደህና ናት። እማማ ጥሩ ባገኙኝ ቁጥር፣ «ወደፊት ምን ያገኛት ይሆን?» ይሉኛል። አላውቅም እላቸዋለሁ፤ እውነቱም ይኸው ነው።

ቄራ የምትሠሩ፣ ፊኛውንም ክፈቱ። ከብት የምታክሙም፣ ደም የምትሸና ላም ስትመጣላችሁ መርፌውን ከማንሣታችሁ በፊት ምን ላይ እንደምትተኛ ጠይቁ።